በፊልሙ ውስጥ የሌለው ንጉሥ

ዴቪድ ሊን በ1962 «ሎሬንስ ኦፍ አረቢያ» የተባለውን ፊልሙን ለዓለም ሲያቀርብ ሁለት ትልልቅ ሰዎችን ዘልሏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው የዓረቦቹን አመፅ የጠነሰሰው፣ ከእንግሊዞች ጋር የተጻጻፈውና አመፁን በስሙ ያወጀው የመካው ሸሪፍ ሁሴን ነው። ሁለተኛው በዚያ ጦርነት እምብዛም ጥይት ሳያባክን ቆይቶ በመጨረሻ የሁሴንን አገር ጠቅልሎ የወሰደው የነጅዱ ገዥ አብዱልአዚዝ ኢብን ሳዑድ ነው። ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ በሚፈጅ ፊልም ውስጥ ሁለቱም ፊታቸውን አያሳዩም። ግመሎቹ እንኳ ከእነሱ የተሻለ ቦታ አግኝተዋል።

«ስለ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን የተሠራ ፊልም ነው፤ የዓረብ ገዥዎችን ሁሉ ለምን ይቁጠርልን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፊልሙ የአንድን ሰው ነፍስ ብቻ ቢመረምር ኖሮ እኔም አፌን ይዤ እቀመጥ ነበር። ነገር ግን ፊልሙ ስለ ዓረቦች አንድ ትልቅ ፍርድ ይሰጣል። ፍርዱን የሚሰጠውም ዋናዎቹን ባለጉዳዮች ከችሎቱ አስወጥቶ ነው። የእኔ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

የፊልሙን ዋጋ አልክድም። ሰባት ኦስካር ያለ ምክንያት አልተሰጠውም። ኦማር ሸሪፍ ከአድማሱ ላይ እንደ አንዲት ጥቁር ነጥብ ተነሥቶ፣ በሙቀቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ቀስ እያለ ሰውና ግመል እስኪሆን ድረስ የሚመጣበትን ትዕይንት ያየ ሰው አይረሳውም። ፒተር ኦቱልም ሎሬንስን ሲጫወት ጀግናውንና በሽተኛውን ባንድ ፊት ላይ ያሳያል። ፊልሙ ርካሽ ሥራ ቢሆን ኖሮ ማንም ባላመነው፣ እኔም ብዕር ባላነሣሁ ነበር።

ያ ውብ ትዕይንት በምን እንደሚያልቅ እናስታውስ። ከሩቅ የመጣው ሰው ሸሪፍ ዓሊ ነው። ከጉድጓዱ ውኃ የጠጣውን የሎሬንስን መንገድ መሪ በጥይት ይጥለዋል። ጉድጓዱ የሌላ ጎሣ ነውና! ሎሬንስም ዓረቦች ጎሣ ከጎሣ እየተፋጁ እስከ ኖሩ ድረስ ትንሽና ጨካኝ ሕዝብ ሆነው እንደሚቀሩ ፊት ለፊት ይነግረዋል። ይህ በመጀመሪያው ክፍል ነው። በመጨረሻው ክፍል ደማስቆ በተያዘች ማግሥት እነዚያው ጎሣዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ስልኩ የማን ይሁን፣ መብራቱ የማን ይሁን ሲባባሉ፣ ጠረጴዛ ሲደበድቡ ይታያሉ። ከዚያም ከተማዋን ጥለው ወደ በረሃቸው ይመለሳሉ። ከጉድጓዱ እስከ አዳራሹ የተዘረጋው ክር አንድ ነው። ዓረቦች በተፈጥሯቸው አይስማሙም፤ አንድ እንግሊዛዊ ሊያስማማቸው ሞክሮ ልቡ ተሰበረ። ተመልካቹ ይህን ይዞ ከሲኒማ ቤቱ ይወጣል።

ታሪኩን ስንከፍት የምናገኘው ሌላ ነው። በ1914 ኦቶማኖች ከጀርመን ጎን ሲሰለፉ እንግሊዝ በዓረብ ምድር ላይ ሁለት ፖሊሲ ነበራት። ካይሮ የተቀመጡት ሹማምንቷ የኦቶማኑ ሱልጣን በኖቬምበር ወር ያወጀው ጂሃድ አስጨንቋቸዋል። ጥሪውን የሚያፈርስላቸው፣ የነቢዩ ዘር የሆነና ቅዱሳት ከተሞችን የያዘ ሰው ይፈልጋሉ። ሸሪፍ ሁሴን ከዚህ የበለጠ አይገኝም። ልጁ አብዱላህ ጦርነቱ ከመፈንዳቱ ከወራት በፊት ካይሮ ድረስ መጥቶ ከሎርድ ኪችነር ጋር ተገናኝቶም ነበር። የሕንድ መንግሥት ሹማምንት ደግሞ የሚያዩት የፋርስን ባሕረ ሰላጤና ባስራን ነው። በመካ የሚነሣ አመፅ የሕንድን እስላሞች ያስቆጣብናል ብለው ይሰጋሉ። የእነሱ ሰው ከ1902 ጀምሮ ሪያድን ይዞ፣ በ1913 ኦቶማኖችን ከአል ሐሳ ያባረረው ኢብን ሳዑድ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላል ያገራችን ሰው። እንግሊዝ ግን ወጣች፤ ሁለት መሥሪያ ቤት ነበራታ!

የሁለቱን ገዥዎች ጠብ እንግሊዝ ፈጠረችው ማለቴ አይደለም። እንዲህ የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ ሁሉንም በደል ባሕር ማዶ አሸክሞ እጅን መታጠብ ስለሚቀል ይመስለኛል። በ1910 ሁሴን ወደ ነጅድ ዘምቶ የኢብን ሳዑድን ወንድም ሳዕድን ማርኮ ነበር፤ ወንድሙን ለማስፈታት ኢብን ሳዑድ ለኦቶማን የበላይነት ራሱን ዝቅ ማድረግ ግድ ሆኖበታል። ኢብን ሳዑድም ቢሆን ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በሜይ 1914፣ ከኦቶማኖች ጋር ተዋውሎ የነጅድ ገዥነቱን ከእነሱ እጅ ተቀብሏል። በሰሜን በኩል ደግሞ በሐኢል የተቀመጠው ኢብን ረሺድ አለ፤ እሱ የኦቶማኖች ወዳጅ ሆኖ ቀረ። የሕንድ መንግሥት የላከው ካፒቴን ሼክስፒር በጃኑዋሪ 1915 ጀራብ ላይ የሞተው ኢብን ሳዑድና ኢብን ረሺድ ሲዋጉ ነው። ጠቡ ነበረ። እንግሊዞች የጨመሩት ዋጋ ነው። በአንዱም በሌላውም ራስ ላይ ዋጋ ለጠፉበት።

የሁሴንንና በግብፅ የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበረውን የሰር ሄንሪ ማክማሆንን ደብዳቤዎች ሳነብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገርመኛል። በጁላይ 14 ቀን 1915 የተጻፈው የመጀመሪያው ደብዳቤ የሚጠይቀው ምድር በሰሜን ከመርሲንና ከአዳና ይነሣል፤ በምሥራቅ እስከ ፋርስ ወሰንና እስከ ባስራ ባሕረ ሰላጤ፣ በደቡብ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ፣ በምዕራብ እስከ ቀይ ባሕርና እስከ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ ኤደንን ብቻ ይተዋል። ካርታ ዘርግታችሁ ብታዩት ነጅድ መሐሉ ላይ ተውጣ ታገኟታላችሁ። ሪያድ ላይ የተቀመጠውን ሰው ግን ማንም «ትስማማለህ ወይ?» አላለውም። ሁሴን ያልወከሉትን ሕዝቦች ወክሎ ይዋዋላል፤ እንግሊዝም ውክልናውን ሳትጠይቅ ትዋዋለዋለች። «የዓረብ ነፃነት» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይህ ስንጥቅ አለበት።

ማክማሆን ኦክቶበር 24 ቀን 1915 በሰጠው መልስ መርሲንንና አሌክሳንድሬታን፣ ከደማስቆ፣ ከሆምስ፣ ከሐማና ከሐለብ አውራጃዎች በስተምዕራብ ያለውን የሶርያ ክፍልም ያስቀርና የቀረውን ይቀበላል። የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚጨቃጨቁት በዚህ «በስተምዕራብ» በሚለው ላይ ነው፤ ፍልስጥኤም ገብታለች አልገባችም እያሉ። ጭቅጭቁ ትልቅ ነው፤ እኔ ግን ለዛሬ አልገባበትም። እኔን የምታቆመኝ እግረ መንገዷን የገባች አንዲት ሐረግ ናት። የተሰጠው ተስፋ እንግሊዝ ከዓረብ አለቆች ጋር ያላትን ውል የማይነካ መሆኑን ትገልጻለች። የማን አለቆች? የትኛው ውል? ደብዳቤው አይዘረዝርም። ሁለት ወር ብቻ ቆይቶ፣ ዲሴምበር 26 ቀን 1915፣ ሰር ፐርሲ ኮክስ ከቀጢፍ አጠገብ ባለችው በዳሪን ከኢብን ሳዑድ ጋር ተፈራረመ። እንግሊዝ ነጅድን፣ አል ሐሳን፣ ቀጢፍንና ጁበይልን የእሱና የልጆቹ ርስት አድርጋ ተቀበለች፤ እሱም ከሌላ የውጭ መንግሥት ጋር ላይዋዋል፣ በኩዌት፣ በባሕሬን፣ በቀጠርና በኦማን ጠረፍ ላይ እጁን ላያነሣ ቃል ገባ። በምዕራብ በኩል ከሁሴን ጋር የሚያዋስነው ድንበር የት ላይ እንደሚያልፍ ውሉ አልወሰነም። ባዶ የተተወው ስፍራ ቆይቶ በደም ተሞላ።

ፊልሙ ስለ ገንዘብ ምን እንደሚል ደግሞ እንይ። አውዳ አቡ ታዪ፣ ማለትም አንቶኒ ኩዊን፣ ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ከሎሬንስ ጋር አቃባ ድረስ ይዘምታል፤ ሣጥኑን ሰብሮ ወረቀት ብር ብቻ ሲያገኝ እንደ ተታለለ ልጅ ይቆጣል። ሎሬንስም በእንግሊዝ ዘውድ ስም የወርቅ ተስፋ ጽፎ ይሰጠዋል። ተመልካች ይስቃል። ትዕይንቱ ያዝናናል፤ እኔም ስቄያለሁ። ሆኖም ፊልሙ የተቀባዩን እጅ እያጎላ ሲያሳየን የሰጪውን ኪስ ከካሜራው ውጭ ይተወዋል። ወርቅ የአንድ የበረሃ አለቃ ስስት ሆኖ ቀረ። በእርግጥ የነበረው ግን በወር በወር የሚከፈል የመንግሥት በጀት ነው። ከኦገስት 1916 ጀምሮ ለሁሴን በወር 125 ሺህ ፓውንድ ይሰጠው ነበር፤ ኋላም ከዚያ በላይ ሆነ። ለኢብን ሳዑድ ከ1917 መጀመሪያ አንሥቶ በወር 5 ሺህ ፓውንድ። ሃያ አምስት እጥፍ! ሪያድ ላይ ያለው ሰው ይህን አልሰማም ብሎ የሚያስብ ካለ የበረሃን ወሬ ፍጥነት አያውቅም።

የ5 ሺው ፓውንድ ሥራ ምን ነበር? በአብዛኛው መቀመጥ። ኩዌትንና ባሕረ ሰላጤውን አለመንካት፣ ሁሴንን ከኋላው አለመውጋት፣ ቢቻል ኢብን ረሺድን ማስጨነቅ። ሲኒማ ፈረስና ግመል የሚጋልብ ይወዳል፤ የተቀመጠ ሰው አይቀረጽለትም። ኢብን ሳዑድ በፊልሙ ውስጥ ለመጥፋቱ ከፖለቲካው ሌላ ይህም ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም። እሱ ግን ሲቀመጥ ሥራ ፈትቶ አልነበረም። በ1912 ገደማ ከተመሠረተችው ከአርጣዊያ ጀምሮ ዘላኖቹን በየመንደሩ እያሰፈረ፣ ሃይማኖቱን እያስተማረ፣ «ኢኽዋን» ማለትም ወንድማማቾች የተባለውን ጦር እያደራጀ ነበር።

ሁሴን በጁን 1916 አመፁን አወጀ። (በዚያው ዓመት ክረምት በአዲስ አበባ የነበሩት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሚኒስትሮች ልጅ ኢያሱ ወደ ኦቶማን አዘንብለዋል በሚል ስጋት ይሯሯጡ እንደ ነበር የኛ አንባቢ ያውቃል። ልጅ ኢያሱ የተሻሩት መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው፤ የመካው አመፅ ገና አራት ወር አልሞላውም ነበር። የቀይ ባሕርን ሁለቱን ዳርቻዎች በአንድ መነጽር የሚያዩ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።) በኦክቶበር መጨረሻ ሁሴን ራሱን «የዓረብ አገሮች ንጉሥ» አሰኘ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ደነገጡ፤ በጃኑዋሪ 1917 «የሂጃዝ ንጉሥ» በማለት ብቻ ተቀበሉት። ነጅድ ውስጥ ግን ማዕረጉ የተሰማው እንደ ስድብ ነው። ማን ማንን ያነግሣል?

ኮክስ ቁጣውን ለማብረድ በኖቬምበር 1916 ኩዌት ላይ ትልቅ ጉባኤ ጠራ። የኩዌቱ ሼክ፣ የሙሐመራው ሼክ ኸዝዓልና ኢብን ሳዑድ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኢብን ሳዑድ የእንግሊዝ ኒሻን ደረቱ ላይ ተደረገለት፤ ኦቶማኖች ዓረቦችን ሲከፋፍሉ እንግሊዝ ግን እያስተባበረቻቸው ነው የሚል ንግግርም አደረገ። ከዚያ ወደ ባስራ ወስደው ኤሮፕላን አሳዩት፣ መድፍ አሳዩት፣ እጁን በራጅ አንሥተው የገዛ አጥንቱን አሳዩት። ስለ አንድ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ዲፕሎማሲ ከዚህ የበለጠ ትዕይንት የሚጽፍ የፊልም ደራሲ አላውቅም። ቁመተ ረጅሙ የበረሃ ሰው የእጁን አጥንት ጥላ ሲመለከት፣ እንግሊዞቹ ዙሪያውን ቆመው ፊቱን ሲመለከቱ! ሊን ይህን ትቶ የክብሪት እሳት እፍ ብሎ ፀሐይ ያወጣልናል።

ሌላም የቀረ ትዕይንት አለ፤ ይኸኛው እንኳ ያስቃል። በ1917 ማለቂያ ከባግዳድ በኩል ሴንት ጆን ፊልቢ የሚባል ሹም ወደ ሪያድ ተላከ። ከካይሮ በኩል ደግሞ ሮናልድ ስቶርስ በሂጃዝ አቋርጦ እንዲገናኘው ታስቦ ነበር። ሁሴን «መንገዱ ሰላም የለውም» ብሎ ስቶርስን ከለከለ። ፊልቢ ታዲያ ምን አደረገ? የኢብን ሳዑድን አጃቢዎች ይዞ በረሃውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ጣኢፍ፣ ከዚያም ጅዳ ደረሰና «ይኸው ሰላም ነው» አለ። ሁሴን በንዴት ጦፈ፤ በመጣበት በየብስ እንዲመለስ አልፈቀደለትም። ሰውየው በግብፅና በሕንድ ዞሮ ወደ ባስራ ለመመለስ ተገደደ። የአንድ መንግሥት ሁለት መሥሪያ ቤቶች የሚገናኙበት መንገድ በሁለት ገዥዎች ቅናት የተዘጋበት ጊዜ ነበር እንግዲህ። ሁለቱም ገዥዎች ደመወዝተኞቻቸው ናቸው!

ነገሩ የፈነዳው ኹርማና ቱራባ በተባሉ ሁለት የበረሃ ከተሞች ላይ ነው። የኹርማው አሚር ኻሊድ ኢብን ሉወይ የሁሴን ዘመድና ሹም ነበር፤ በ1918 ከሁሴን ተጣልቶ ወደ ኢኽዋን ዞረ። ሁሴን ተደጋጋሚ ጦር ልኮበት አልተሳካለትም። በጃኑዋሪ 1919 መዲና እጅዋን ስትሰጥ ከበባውን የመራው ልጁ አብዱላህ ጦሩንና መሣሪያውን ይዞ ወደ ቱራባ ዞረ። ለንደን ውስጥ ጥቂት ቀደም ብሎ የተሰበሰቡ ሹማምንት ኹርማ ለሁሴን ትገባለች ብለው ወስነዋል፤ ሁሴን እንደሚያሸንፍም ሙሉ እምነት ነበራቸው። በሜይ ወር መጨረሻ ኢኽዋን ሌሊት ሰፈሩ ላይ ወደቁበት። አብዱላህ ነፍሱን ብቻ ይዞ አመለጠ፤ ጦሩ አለቀ። በእንግሊዝ ገንዘብ የተደራጀ ጦር በእንግሊዝ ገንዘብ በሚደጎም ሰው ጦር ተደመሰሰ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ሂጃዝ የጊዜ ጉዳይ ነበረች።

አብዱላህም በፊልሙ ውስጥ የለም። የአባቱ የውጭ ጉዳይ አዋቂ፣ ከኪችነር ጋር የጀመረው፣ ኋላ የዮርዳኖስ ንጉሥ የሆነው ሰው! ምንጩን ለማወቅ ወደ ሎሬንስ መጽሐፍ መሄድ ያስፈልጋል። «ሰባቱ የጥበብ ምሰሶዎች» በ1926 ለጥቂት ደንበኞች፣ በ1935 ከደራሲው ሞት በኋላ ለሕዝብ የወጣ ነው። ሎሬንስ በኦክቶበር 1916 ጅዳ ሲወርድ የሁሴንን አራት ልጆች አንድ ባንድ ይመዝናል፤ ልክ ፈረስ እንደሚገዛ ሰው። አብዱላህ ለእሱ እጅግ ብልጥ ነው፤ ሦስተኛው ልጅ ፋይሰል ግን ልቡን ይሞላዋል። ታሪኩ ሁሉ ከዚያ ወዲያ የፋይሰል ሆነ። አባትየው በመጽሐፉ ውስጥ በአመዛኙ ከሩቅ ነው፤ አንድ የማይረሳኝ ገጽ ላይ ከመካ በስልክ ይመጣና ከቱርኮች የማረከውን የሙዚቃ ጓድ ጅዳ ላሉት እንግዶች በስልኩ ያሰማቸዋል። እንዲህ እያደረገ መጽሐፉ ሁሴንን ወደ አስቂኝ ሽማግሌ ይለውጠዋል። ፊልሙ ደግሞ ስልኩንም ቆርጦ ጣለው።

ሎሬንስን እንደ ጸሐፊ አከብረዋለሁ። ስለ ራሱ ጭካኔና ስለ መንግሥቱ ክህደት በድፍረት ይጽፋል፤ ሲያመው ይሰማል። ሕመሙ ግን ሁልጊዜ የራሱ ነው። «እኔ ዋሸሁ፣ እኔ ቃል አጠፍሁ» ይላል እንጂ በወር ስንት እየተከፈለ በየትኛው ቢሮ ማን ከማን ጋር እንደሚጋጭ ሲያስረዳ ትዕግሥት የለውም። ጸጸት አንድን ፖሊሲ ወደ አንድ ሰው ኅሊና ያጠብበዋል። ሊን የወረሰው ይህንኑ ጸጸት ነው።

ደማስቆ ላይ የፊልሙ ጥፋት ከሌላው ሁሉ ይብሳል። በአዳራሹ ውስጥ የተጣሉት ጎሣዎች ከተማዋን ጥለው ሲሄዱ አየን። ከተማዋ በኦክቶበር 1918 ከተያዘች በኋላ ግን የፋይሰል መንግሥት በአለንቢ ወታደራዊ የበላይነትም ቢሆን ሀያ ሁለት ወር ያህል አስተዳድሯታል። በ1919 የሶርያ ጉባኤ ተሰበሰበ፤ በዚያው ዓመት የዓረብ ቋንቋ አካዳሚ ደማስቆ ላይ ተመሠረተ፤ በማርች 1920 ፋይሰል ንጉሥ ተባለ። ችግር አልነበረም አልልም፤ ገንዘቡ ከእንግሊዝ ድጎማ ነበር፣ የጎሣና የከተማ ሰው መናቆርም ነበር። ያ መንግሥት የፈረሰው ግን ጠረጴዛ በመደብደብ አይደለም። በጁላይ 24 ቀን 1920 ሜይሰሉን ላይ የፈረንሳይ ጦር በታንክና በኤሮፕላን መታው፤ የጦር ሚኒስትሩ ዩሱፍ አል አዝማ እዚያው ወደቀ። ሊን ሀያ ሁለቱን ወር ወደ ሁለት ቀን ጨምቆ፣ የፈረንሳይን መድፍ አውጥቶ፣ በምትኩ የዓረቦችን ጩኸት አስገባ። እዚህ ላይ «የኪነ ጥበብ ነፃነት ነው» የሚለውን መከላከያ አልቀበልም። አንድ መንግሥት ራሱን አፈረሰ ማለትና ሌላ አፈረሰው ማለት የቅርጽ ልዩነት አይደለም።

በ1919 ሁለት ፋይሰሎች ለንደን ሄደዋል። አንደኛው የሁሴን ልጅ ፋይሰል፣ የተሰጠው ቃል እንዲጠበቅ ሊሟገት። ሁለተኛው ገና አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው የኢብን ሳዑድ ልጅ ፋይሰል፣ አባቱን ወክሎ። የመጀመሪያውን አሌክ ጊነስ አዋቂና አሽሙረኛ አድርጎ ተጫውቶታል፤ በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚሻለኝም እሱ ነው። ስለ ሁለተኛው ጉዞ በ2019 «ቦርን ኤ ኪንግ» የሚል ፊልም ተሠርቷል። ሁለቱን ልጆች በአንድ ፊልም ያገናኘ ግን አላየሁም። ያ ፊልም ቢሠራ ኖሮ ስለ ጦርነቱ ከሎሬንስ ሞተር ብስክሌት የበለጠ ይነግረን ነበር።

ከሌላው ወገን የተጻፈ ለሚፈልግ ጆርጅ አንቶኒየስ አለ። ሊባኖስ ተወልዶ እስክንድርያ ያደገ፣ ካምብሪጅ የተማረ፣ በፍልስጥኤም የእንግሊዝ አስተዳደር ውስጥ የሠራ ሰው ነው። በ1938 ባወጣው «የዓረቦች መንቃት» በተባለው መጽሐፉ የሁሴንንና የማክማሆንን ደብዳቤዎች በእንግሊዝኛ ለሕዝብ አቀረበ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ያሳተማቸው ከዚያ በኋላ በ1939 ነው። ሌላው ቢቀር ለዚህ ብቻ ሊነበብ ይገባዋል። ደራሲው ግን ሁሴንን ያዝንለታል፤ የዓረቦች ጥያቄ ሁሉ በመካ በኩል እንደ መጣ አድርጎ ይተርካል። የኢብን ሳዑድ ታሪክ የሚመጣው ከጦርነቱ በኋላ ስለ ባሕረ ገብ ምድሩ በሚያወሳው ምዕራፍ ነው። የሚገርመው ደግሞ አንቶኒየስ ሰር ጊልበርት ክሌይተን በ1925ና በ1927 ከኢብን ሳዑድ ጋር ሲደራደር አብሮ የነበረ ሰው መሆኑ ነው። አሸናፊውን በዓይኑ አይቶታል፤ ያም ሆኖ መጽሐፉን ለተሸናፊው ጻፈለት። እኔ ይህን እንደ ጉድለት ብቻ አላየውም፤ ታማኝነትም አለበት። አንባቢ ግን ማወቅ አለበት።

ሁሴን በመጨረሻ የወደቀው አልፈርምም ብሎ ነው ለማለት ይቻላል። በ1921 ሎሬንስ ራሱ ጅዳ ድረስ ተልኮ ውል እንዲፈርም ለመነው። ውሉ ከጦርነቱ በኋላ በሶርያና በፍልስጥኤም ላይ የተዘረጋውን አገዛዝ እንዲቀበል የሚያስገድድ ነበር። ሽማግሌው እምቢ አለ። ግትር ነበር፣ ለሕዝቡ አስተዳደር ክፉ ነበር፣ በማርች 1924 ኸሊፋ ነኝ ብሎ ጠላት አበዛ፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ፊርማውን ግን አልሰጠም። ድጎማው ቀድሞ ተቋርጦበታል። በሴፕቴምበር 1924 ኢኽዋን ጣኢፍን በግድያ ያዙ፤ በኦክቶበር ሁሴን ዙፋኑን ለልጁ ለዓሊ ለቀቀ፤ በ1925 መጨረሻ ጅዳ ወደቀች፤ በጃኑዋሪ 1926 ኢብን ሳዑድ የሂጃዝ ንጉሥ ተባለ። በ1927 እንግሊዝ በጅዳ ውል ነፃነቱን ሙሉ በሙሉ ተቀበለችለት። ሁሴን ወደ አቃባ፣ ከአቃባ እንግሊዞች ወደ ቆጵሮስ ወሰዱት፤ በ1931 አማን ላይ ሞቶ ኢየሩሳሌም ተቀበረ።

አቃባ! ፊልሙ ሎሬንስን በድል የሚያስገባባት ያቺው የባሕር ዳር ከተማ። ሊን ከበረሃው ትዕይንቶች ብዙዎቹን የቀረጸው በዮርዳኖስ ምድር ነው፤ የጊዜው ንጉሥ ሁሴን የሸሪፍ ሁሴን የልጅ ልጅ ልጅ ነበር፤ ከወታደሮቹም ለቀረጻው አውሷል። ፊልሙን የምታዩ ሁሉ በግመል ላይ የሚጎርፉትን ሰዎች ፊት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ።